ገደሉ ጋ የማያደርሰው መኪና

በየቤተሰቡ «አውቶቡስ ምን ይሠራላችኋል፣ እኔ እያለሁ!» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሰውየው ሀብታም አይደለም። መኪናውም ብትሆን እስከ ዛሬ የቆመችው በጎማ ሳይሆን በይሉኝታ ነው። ነገር ግን ዘመድ ታሞ ሆስፒታል ሲገባ፣ ሙሽራ ሲታጀብ፣ ቁም ሣጥን ከቤት ወደ ቤት ሲዛወር፣ ከሁሉ ቀድሞ በር ላይ ጥሩምባ የሚነፋው እሱ ነው። ውለታ አይቆጥርም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዘመዶቹን ሌላ ሰው እንዳይጭንበት።

የአንዲት ልብስ ሰፊ ታላቅ ወንድም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ፣ ምናልባትም የሁሉም አለቃ ነው። የወንድምና የእህት ልጆች ተማክረው «ጋሽ እኔ እያለሁ» የሚል ማዕረግ ሰጥተውታል። ክቡርነታቸውም ሲሰሙ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፂማቸውን ዳበስ ዳበስ አድርገው «ታዲያ ውሸት ነው?» አሉ ይባላል።

መኪናዋ ነጭ ናት፤ ከአንድ በር በስተቀር። ያ በር ሰማያዊ ነው፣ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፣ ሲዘጋም የሌላ መኪና ድምፅ ያሰማል። የፊት መብራቶቿም አይመሳሰሉም፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነው። ጋሽ እኔ እያለሁ ይህን እንደ ጉድለት አያየውም። «ከሩቅ እንድትታወቅ ነው» ይላል።

መንገድ አይጠይቅም። «መንገድ የማያውቅ ሰው መጀመሪያውኑ ከቤቱ ለምን ይወጣል?» ባይ ነው። አንድ ጊዜ የሚስቱን ዘመዶች ለቅሶ ሊያደርስ ወጥቶ የማያውቁት ሰው ለቅሶ ቤት አደረሳቸው። ድንኳን አለ፣ ወንበር አለ፣ ሰው ያለቅሳል፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? ዘመዶቹ ደረታቸውን ደቅተው፣ እንባቸውን ጠርገው ከተቀመጡ በኋላ ነው የሟችን ፎቶግራፍ አይተው እርስ በርስ የተያዩት። ቀስ ብለው ሊነሡ ሲሉ እሱ በዓይኑ ገሠጻቸው። «እኚህም ሰው ናቸው» አለ፤ «ቁጭ በሉ።»

ሌላው አመሉ ጥሪ ነው። ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ወደ ኋላ ዞሮ የእያንዳንዱን ሰው ፊት እያየ «አለህ? አለሽ?» ይላል። «አለሁ» ማለት ግዴታ ነው። ራስ መነቅነቅ አይቆጠርም። ጎኑ የተቀመጠችው ሚስቱ እንኳ አትቀርም።

«አለሽ?»

«ክንድህ ክንዴን እየነካው አለሽ ትለኛለህ?»

«አፍ አውጥተሽ በይው።»

«አለሁ፣ አንተ ሰው! የት አባቴ እሄዳለሁ!»

ሰው ሁሉ ይስቃል። ልብስ ሰፊዋም አብራ ትስቃለች። ግን ሌሎቹ ያላዩትን፣ ወይም አይተው የተዉትን አንድ ነገር ታያለች። ሁሉም መልሶ ሲያበቃ ወንድሟ ቶሎ አይነሣም። በመስተዋቱ ውስጥ ወደ ባዶው መቀመጫ ይመለከታል፤ ባዶ መቀመጫ በሌለ ቀን ደግሞ በሰዎቹ ትከሻ መሃል አሳልፎ ወደ ኋለኛው መስኮት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አንድ ትንፋሽ ያህል ይጠብቃል። አንድ ቀን ኋላ ብቻዋን ተቀምጣ ሳለ ቃሉን ከከንፈሩ ላይ ለቀመችው። «አለሽ?» ነው የሚለው። እሷን አስቀድሞ ጠርቷታል፣ እሷም መልሳለች። ያን ቀን ጎኗ ካለው ባዶ መቀመጫ ላይ የእጅ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ለሰው ቦታ እንደሚለቅ ሰው ጉልበቷ ላይ አቅፋው ቤቷ ደረሰች።

አሁን ስለ ገደሉ። ከከተማው ሁለት ሰዓት ተኩል በሚያስኬድ ተራራ ላይ መሬቱ ድንገት ያበቃል። ክብ ጉድጓድ ነው፤ አንድ ሰፈር ከነሰዉ ይውጣል። በአንዱ ጠርዝ ወንዝ ይወርድበታል፣ ታች ሲደርስ ግን ያየው የለም። ከጥልቀቱ የተነሣ ውሃው መሃል መንገድ ላይ ጭጋግ ይሆንና ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ገደሉ ጠዋት ጠዋት ይተነፍሳል ይላሉ ያዩት። ይህን ለማየት ሰው ከሩቅ ይጎርፋል።

ጋሽ እኔ እያለሁ ወደዚህ ገደል ያልወሰደው ዘመድ የለም። ያደረሰው ዘመድም የለም።

ጠርዙ ጋ ለመድረስ አንድ ኩርባ ብቻ ሲቀር፣ ሦስት ትልልቅ ድንጋዮች የቆሙበት ቦታ አለ። እዚያ ሲደርስ ይቆማል። መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። አፍንጫውን አውጥቶ ያሸታል። «ጭጋግ አለ» ይላል፣ መሪውን ያዞራል፣ አለቀ። የወንድሙን ልጅ ከነሙሽራዋ መልሷል። ከባሕር ማዶ የመጡትን የሚስቱን አክስት መልሷል። መምህሩን አማቹን የመለሰው ደግሞ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን ነው።

«ጋሼ፣ የቱ ጋ ነው ጭጋጉ?»

«እየመጣ ነው።»

«ሰማዩ ጥርት ብሏል እኮ!»

«እሱ አይደል የሚያስፈራው።»

ዘመዶቹ ይህን ሁሉ በሳቅ ያልፉታል። ገደሉ የትም አይሄድም፣ ዘንድሮ ባይሆን ከርሞ ነው። ልብስ ሰፊዋ ግን ከርሞ የላትም። ዓይኗ ከዳር ዳር እየጠበበ ነው። መጀመሪያ ክር ከመርፌ ጋር አልገናኝ አላት። ቀጥሎ መቀሱ ጠረጴዛው ዳር ላይ ተቀምጦ ሳለ የለም ብላ ቤቱን አመሰች። አሁን ዓለምን የምታየው በሸሚዝ እጅጌ ውስጥ አሻግሮ እንደሚያይ ሰው ነው፤ እጅጌውም በየወሩ ይጠብባል። የዓይን ሐኪሙ ደግ ሰው ነው፣ አልዋሻትም። «የጠፋው አይመለስም። የቀረውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ግን ዘንድሮ ይዩት» አላት።

ማየት የምትፈልገው ነገር አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለገደሉ ጎብኚዎች የሚሸጠውን የላስቲክ ዝናብ ልብስ የምትሰፋው እሷ ናት። በሺህ የሚቆጠር ሰው የእሷን ስፌት ለብሶ እዚያ ቆሟል። እሷ አልቆመችም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተሰቡ በዚህ ጉዳይ ተሰበሰበ። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጇ ስልኳን ዘርግታ ታነብባለች።

«እማዬ፣ ስሚ። አውቶቡሱ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣል። አስጎብኚ አለው። ወንበሩ ከፍ ያለ ነው፣ መስኮቱ ሰፊ ነው። ደግሞ ይደርሳል!» የመጨረሻዋን ቃል የተናገረችው አጎቷን እያየች ነው።

«ይደርሳል» አለ ጋሽ እኔ እያለሁ። «ደርሶስ? አርባ ደቂቃ ይሰጡሻል፣ ፊሽካ ይነፋሉ፣ እንደ በግ ቆጥረው ይጭኑሻል። በኔ መኪና ግን ደስ ባለሽ ቦታ ትቆሚያለሽ፣ እስኪበቃሽ ታያለሽ። ማን ይቸኩልብሻል? አውቶቡስ ምን ይሠራልሻል፣ እኔ እያለሁ!»

የሚያናድደው ነገር እውነቱን መሆኑ ነው። በእጅጌ የሚያይ ሰው ቶሎ አይቶ አይጨርስም። አርባ ደቂቃ ለእሷ ዓይን ምንም አይደለም። ሰውየው ከመድረሱ በቀር ሁሉ ነገሩ ትክክል ነው።

«ጋሼ፣ የምታደርሰኝ ከሆነ ካንተ ጋር እሄዳለሁ» አለችው።

«አደርስሻለሁ!»

«ከሦስቱ ድንጋዮች ወዲያ?»

ጋሽ እኔ እያለሁ ወደ ጣሪያው አየ፤ ወደ ጫማው አየ። «አየሩ ከፈቀደ» አለ።

በማግሥቱ ልጇ የአውቶቡስ ትኬት ቆረጠችላት። ከወንድሟ ሚስት ጋር ሆነው ለእሱ እንዳይነገር ተማማሉ። ልብስ ሰፊዋ በሕይወቷ ከባሏ እንኳ የደበቀችው ነገር የለም፤ ከወንድሟ ተደብቃ አውቶቡስ መሳፈር ግን ከኃጢአት እኩል ከበዳት።

አስጎብኚዋ ቀልጣፋ ወጣት ናት። ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የወንበሮቹን ጀርባ በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች ትቆጥራለች። «ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ! ሙሉ ነን!» የልብስ ሰፊዋ ቦታ መስኮት ዳር ነው። ከጎኗ ጡረታ የወጣች ወሬ የምትወድ ነርስ ተቀምጣለች።

ከከተማው ወጥተው ዳገቱን ሲጀምሩ ነርሷ ወደ ኋላ ተጠማዘዘች። «ያ መኪና ከመነሻችን ጀምሮ ይከተለናል። መብራቱን አዩት? አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ። ምን ፈልጎ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷ ጋለ። የወንድሟ ሚስት ናት የነገረችው፤ ሌላ ማን ይሆናል። «ወንድሜ ነው» አለች።

«ታዲያ ለምን አብሮዎት አልተሳፈረም?»

«አውቶቡስ አይወድም።»

ከፍ እያሉ ሲሄዱ ጭጋጉ መጣ። የእውነት ጭጋግ። መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ የመንገዱን ዳር፣ በመጨረሻም የአውቶቡሱን አፍንጫ ዋጠ። ከኋላ ሁለቱ መብራቶች፣ ነጩና ቢጫው፣ አንዳንዴ ጠፍተው አንዳንዴ እየቀረቡ ይከተላሉ። ሦስቱ ድንጋዮች በመስኮቷ በኩል እንደ ቆሙ ሰዎች ሲያልፉ አንገቷን አዙራ በእጅጌዋ ፈለገችው። መብራቶቹ ቆመዋል። ጥቂት በጥቂት አነሱ። ከዚያ ነጭ ነገር ብቻ ቀረ።

ጠርዙ ጋ ሲደርሱም ያው ነጭ ነው። የብረት አጥር አለ፤ ከአጥሩ ወዲያ ምንም የለም። ሰው ሁሉ እሷ የሰፋችውን የዝናብ ልብስ ለብሶ ነጩን ነገር ፎቶግራፍ ያነሣል። ገደሉ ግን ይሰማል። አንዴ ቀዝቃዛ፣ አንዴ ለብ ያለ አየር ከታች እየወጣ ፊቷን ይነካታል። አንድ ትልቅ እንስሳ ተኝቶ እንደሚተነፍስ ነው። «አርባ ደቂቃ አላችሁ!» አለች አስጎብኚዋ። ልብስ ሰፊዋ አጥሩን በእጇ እየዳበሰች፣ ምናልባት አንድ ቀዳዳ ባገኝ ብላ ከሰዉ ራቀች። ደቂቃዎቹ እያለቁ ሄዱ። አንድ ድንጋይ እንኳ አላየችም።

ያን ጊዜ ከጭጋጉ ውስጥ የወንድሟ ድምፅ መጣ። «አለሽ?»

ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከእሷ በፊት ግን ሌላ ሰው መለሰ።

«አለሁ።»

ድምፁ የመጣው ከአጥሩ ወዲያ፣ መሬት ከሌለበት ነው። የሴት ድምፅ ነው፤ ቀጭንና የደከመ፣ ደጅ ላይ ብዙ ቆሞ በር ሲከፈትለት እንደሚመልስ ሰው። የገደል ማሚቶ ነው እንዳትል፣ ማሚቶ የተባለውን ይደግማል እንጂ ለተጠየቀው መልስ አይሰጥም። 

«እዚህ ነኝ፣ ጋሼ!» ብላ ጮኸች ልብስ ሰፊዋ፤ የወንድሟን ድምፅ ወደሰማችበት ሄደች። አጥሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ተንበርክኮ አገኘችው። መኪናዋን ኩርባው ላይ ትቶ በእግሩ ነው የመጣው።

«ሰማሽው?» አላት።

«ሰማሁት።»

አጥሩን ሳይለቅ ነገራት። ጋራዥ ውስጥ ሥራ ከመግባቱ በፊት አውቶቡስ ይነዳ እንደነበር እህቱ ታውቃለች፤ በአንድ ቀን ለምን እንደተወው ግን ማንም አያውቅም።

«ሠላሳ ስምንት ሰው አመጣሁ። እንዲህ ያለ ጭጋግ ነበር። ስንመለስ ቆጠርኩ፣ ሠላሳ ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሠላሳ ስምንት። ነዳሁ። ታች ከተማው ስንደርስ አንድ የማላውቀው ሰውዬ ‘እግዜር ይስጥልኝ፣ ብርዱ ሊገድለኝ ነበር’ ብሎ ወረደ። የዚሁ ተራራ ሰው ነው። የሞቀ አውቶቡስ ሲያይ ገብቶ ቁጭ ብሏል።»

«ታዲያ አንድ ሰው...»

«አንድ ሰው እዚህ ቀርቷል። መስኮት ዳር ብቻዋን የተቀመጠች ሴት ነበረች። ፊቷን አላየሁትም፤ የቆጠርኩት ጀርባዋን ነው። ተመልሼ እስኪመሽ ተጣራሁ። የለችም።»

«ማን ነበረች?»

«እሱ ነው እኮ የገደለኝ። ማንም አልጠየቀም። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ ሴት ጠፋችብን ያለ ሰው የለም። ዓመት ጠበቅሁ፣ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። አንድ ሰው እንኳ የት ደረሰች አላለም። ከኔ በቀር የሚጠራት የላትም።»

ልብስ ሰፊዋ እጁን ያዘች።  ፊሽካው ተነፋ። በጭጋጉ ውስጥ የአስጎብኚዋ ድምፅ ጥርት ብሎ ተሰማ፤ «ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ! ሙሉ ነን!»

እህትና ወንድም ተያዩ።

«ጋሼ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «እኔ እዚህ ነኝ።»

ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ሲሮጥ ያኔ አየች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ደርሶ ጎኑን በመዳፉ ደበደበ። «ቁሙ! አላችሁ? ሁላችሁም አላችሁ?» በሩ ተከፈተ። ገባ። ልብስ ሰፊዋ እያለከለከች ደርሳ በሩ ሥር ቆመች።

«አባባ፣ ምን ሆኑ? ቁጥሩ ሙሉ ነው» አለች አስጎብኚዋ።

«ቁጥሩን ተይው፣ የኔ ልጅ። ፊታቸውን እይ።» ከመጀመሪያው ወንበር ጀመረ። «አለህ?»

«ሰውዬው ጤነኛ ነው?» አለ አንድ ወፍራም ሰው።

«አፍ አውጥተህ በለው!»

«አለሁ! አለሁ ብያለሁ! ባልኖርስ ምን ልትሆን ነው?»

«አልነዳማ» አለ ጋሽ እኔ እያለሁ፤ አውቶቡሱ የሱ ይመስል። ከኋላ ሳቅ ተነሣ። ወንበር በወንበር ጠራቸው፣ እያጉረመረሙ መለሱ። ሠላሳ ዘጠኝ ሆኑ። አስጎብኚዋ ደነገጠች። «ሁለት ጊዜ ነው የቆጠርኩት» አለች ቀስ ብላ፤ «አርባ ነበሩ።»

ነርሷ አንዴ ባዶውን የመስኮት ዳር ወንበር፣ አንዴ በሩ ሥር የቆመችውን ልብስ ሰፊ ታያለች።

«እርስዎ አሁን እዚህ ከጎኔ አልነበሩም?» አለች። «ፊትዎን ወደ መስኮቱ አዙረው ነበር። እጅዎ በረዶ ሆኗል ብልዎት ዝም አሉኝ። እኚህ ሰው ከውጭ ሲጣሩ እርስዎ ‘አለሁ’ ብለው ተነሥተው ወረዱ።»

የአውቶቡሱ በር አንድ ነው። ጋሽ እኔ እያለሁ የገባው በዚያው በር ነው። በአጠገቡ ያለፈ ሰው አልነበረም። አሁን የሚስቅ ጠፋ።

ልብስ ሰፊዋ አስጎብኚዋን ጠራቻት። «እኔን ከቁጥርሽ አውጪኝ፣ ልጄ። ከወንድሜ ጋር እመለሳለሁ።» ልጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ትክ ብላ አየችው። ስሟን ጠይቃ የገዛ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈችው። አውቶቡሱ ሄደ፤ ድምፁ ኩርባው ላይ ጠፋ።

ሁለቱ አጥሩ ሥር ተቀመጡ። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ገደሉ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ጭጋጉ እንደ መጋረጃ ወደ ጎን ሸሸ። ጋሽ እኔ እያለሁ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምነው ጋሼ?»

«አንቺ ንገሪኝ። አንድም ቀን አላየሁትም። ያኔም አውቶቡሱ ጋ ቆሜ ሰው ስቆጥር ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ከግራው ጠርዝ ጀመረች፤ የልብስ ጠርዝ እንደሚቀመቅም ሰው፣ ጥቂት አይታ፣ ጥቂት ተናግራ፣ ወደ ቀኝ ፈቀቅ እያለች። «ድንጋዩ ቀይ ነው፣ የዛገ ብረት የመሰለ። ስንጥቁ ውስጥ ሣር በቅሏል። ወፎች አሉ ጋሼ፣ ነጫጭ። ከእኛ በታች ነው የሚበርሩት።»

«ከእኛ በታች?»

«ጀርባቸውን ነው የማየው።»

 ወንድሟ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው አለ?» አላት።

ልብስ ሰፊዋ ሥራዋን አቁማ አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማዶውንም ጭምር፣ አንድ ጊዜ ሄዳ አንድ ጊዜ ተመልሳ አየች። «ማንም የለም፣ ጋሼ። ሁሉም ሄደዋል።»

ዓይኑን ገለጠ። ቀድሞ ያየው ገደሉን ሳይሆን እሷን ነው፤ ፊቷን፣ ዓይኗን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚሄደውን አንገቷን።

«ምን ያህሉን አየሽው?»

«ገና ሩቡን። ውሃው ጋ አልደረስኩም።»

ጋሽ እኔ እያለሁ እጁን ኪሱ ከትቶ የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። ያን ቁልፍ ለሚስቱም፣ ለልጆቹም፣ ለጋራዡ ባልደረቦቹም ሰጥቶ አያውቅም። እህቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠና ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈላት።

«በቃኝ ስትይ ትሰጪኛለሽ» አላት።